ካፒቶልን (የዋሽንግተኑን የኮንግረስ ሕንፃ) ገብታችሁ ያያችሁ፦ ከፎቶው ሌላ ምን አለው?

ሰናይት ዘሲልቨር (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴና እናቴ ከደሴ ሊጠይቁኝ መጥተዋል። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ በግንባታ የኖረ ሰው ነው፤ ጡረታ ከወጣ በኋላም የሰው አጥር እያየ "ይሄ ቱምቢ አልያዘም" ሲል ነው የሚውለው። ኋይት ሐውስን አሳየሁት፣ ብዙም አልደነቀውም። የካፒቶልን ጉልላት ግን ከመኪና ውስጥ አየና "ያን ሁሉ ድንጋይ እዚያ ላይ እንዴት ተሸከመው?" አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? እናም ውስጡን ላሳየው አስቤያለሁ። የገባችሁበት ካላችሁ አገባቡን ንገሩኝ፤ ለእሱ ዓይነት ሰው ምን ምን ማየት እንደሚሻልም ጨምሩልኝ። ቪዲዮ አትላኩልኝ፣ የሚያውቅ ሰው ይጻፍልኝ።

የታክሲው ሰው

ሰናይት እንኳን ደስ አለሽ፣ እንኳን በሰላም መጡልሽ። ጉብኝቱ በነጻ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ካለ አልፈሽው ሂጂ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት ነው፣ እሑድ ዝግ። ኢንተርኔት ላይ ቀን ትይዣለሽ፤ ካልሆነም በሜሪላንድ ሴናተሮችሽ ቢሮ በኩል ማስያዝ ትችያለሽ። መግቢያው የምታውቂው ትልቁ ደረጃ አይደለም። በምሥራቅ በኩል ከመሬት በታች የተሠራ የጎብኝዎች ማዕከል አለ፣ በ2008 ነው የተከፈተው፤ ፍተሻውም እዚያው ነው።

ምግብም መጠጥም አያስገቡም። ውኃ እንኳ አይገባም፣ ባዶ ኮዳ ከሆነ ይቻላል። ስለዚህ እማማ ቦርሳቸው ውስጥ ያለችውን ቆሎ ቤት ይተዉአት፤ ፍተሻው ላይ ስትጣል እንዳይናደዱ። በመኪና አትሂዱ፣ ማቆሚያ ስትፈልጊ ቀኑ ያልቃል። በባቡር ከሆነ ካፒቶል ሳውዝ መውረድ ይቀርባል፤ ትንሽ ዳገት ግን አለው። እናትሽን እግራቸውን የሚያማቸው ከሆነ ማዕከሉ ውስጥ ተሽከርካሪ ወንበር ያውሷችኋል።

ሌላ ደግሞ፦ ጉብኝቱ ምክር ቤቶቹ የሚሰበሰቡባቸውን አዳራሾች አይጨምርም። እነሱን ከላይ ሆኖ ለማየት የተለየ ማለፊያ ወረቀት ያስፈልጋል፣ ያንንም የሚሰጡት የሴናተርሽ ወይም የተወካይሽ ቢሮ ናቸው። የውጭ አገር ጎብኝ ፓስፖርቱን ይዞ እዚያው ማዕከሉ ውስጥ መጠየቅ ይችላል።

ግንበኛው

የእኔ ሙያ ድልድይ ነው እንጂ ሕንፃ አይደለም፤ ግን ይህ ጉልላት የድልድይን ሰው ነው ይበልጥ የሚያስቀናው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

ሰናይት፣ ለአባትሽ መጀመሪያ ይህን ንገሪያቸው፦ ከመኪናው ውስጥ ያዩት ድንጋይ ድንጋይ አይደለም። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰና ነጭ ቀለም የተቀባ ብረት ነው። ክብደቱ 8,909,200 ፓውንድ፣ ማለትም ከ4,000 ቶን ትንሽ ያልፋል።

ለምን ብረት ሆነ? እዚያ ቦታ ላይ በፊት የነበረው ጉልላት አጭር ነበር፤ ከእንጨት ተሠርቶ መዳብ የለበሰ። ቻርልስ ቡልፊንች የሚባል አርክቴክት ነው በ1820ዎቹ የጨረሰው። በ1850ዎቹ አገሩ ሰፍቶ የምክር ቤቱ አባላት ሲበዙ በግራና በቀኝ ሁለት ትልልቅ ክንፎች ተቀጠሉና ሕንፃው ከእጥፍ በላይ ረዘመ። አሮጌዋ ጉልላት በትልቅ ሰው ራስ ላይ የተደፋች የሕፃን ቆብ መሰለች። የክንፎቹ አርክቴክት ቶማስ ዋልተር አዲስ ጉልላት ነደፈና በ1855 ኮንግረስ ፈቀደለት።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከሥር ያለው ክብ ግድግዳ የተሠራው የቡልፊንችን እንጨት እንዲሸከም እንጂ የድንጋይ ተራራ እንዲጫንበት አይደለም። ብረት ግን ቀጭን ሆኖ ሰፊ ቦታ ይሸፍናል፣ ፋብሪካ ውስጥ ተመርቶ ይመጣና በብሎን ይታሰራል፣ እሳትም አይበላውም። እሳቱን የጠቀስኩት በምክንያት ነው፦ በ1851 የፈረንጅ ገና ዋዜማ ያኔ እዚያው ሕንፃ ውስጥ የነበረው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተቃጥሎ ከ55,000 መጻሕፍት 35,000 ያህሉ አመድ ሆነዋል። ዋልተር ያን ክፍል መልሶ የሠራው በብረት ነበር። እንደኔ እምነት ለጉልላቱ እጁን ያፍታታው እዚያ ነው።

ሌላው ብልሃቱ፦ ጉልላቱ ከታቹ ካለው ግድግዳ ይሰፋል። ከውጭ የምታዩአቸው በክብ የተደረደሩ 36 ዓምዶች ግድግዳው አናት ላይ አልቆሙም። ከግድግዳው ወደ ውጭ በተዘረጉ የብረት ክንዶች ላይ ነው ያረፉት፤ ክንዶቹ እንዳይታዩ ደግሞ ከሥር የብረት ቀሚስ አልብሷቸዋል። ሰው ከታች ሲያይ ጉልላቱ ከመሠረት ጀምሮ ቀጥ ብሎ የወጣ ይመስለዋል። አባትሽ ቱምቢ የሚጥሉ ሰው ከሆኑ ይህን ሲያዩ የሚሉትን መስማት እፈልጋለሁ።

ደግሞም አንድ ጉልላት አይደለም፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ ነው። ውጪውን 36 የብረት ጎድኖች ይዘውታል፣ በውስጠኛውና በውጪኛው መካከል ጠምዘዝ እያለ የሚወጣ ደረጃ አለ። ተራ ጎብኝ ግን እዚያ አይወጣም፣ ስለዚህ አትልፉ።

ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። መቶ ሃምሳ ዓመት ሲሰፋና ሲሰበሰብ ከ1,000 በላይ ስንጥቆች አበጀ። ከ2014 እስከ 2016 ዙሪያውን በርብራብ ተከቦ የነበረው ለዚህ ጥገና ነው። ፈሶ የተሠራ ብረት ብየዳ በቀላሉ አይቀበልም፤ ስለዚህ ስንጥቁን በብረት ቁልፎች ግራና ቀኝ እየሰፉ ነው የገጠሙት። ቀሚስ ይሰፋል እንጂ ብረት ይሰፋል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

ምኒልክ ሠፈር

ግንበኛው ይቅርታህን፣ እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ፎቶ ተነስቻለሁ፣ ግድግዳውንም በእጄ ነክቻለሁ። ጥርት ያለ ነጭ እብነ በረድ ነው። አሜሪካን የሚያህል አገር ቆርቆሮ ቀብቶ አናቱ ላይ ያስቀምጣል ብዬ አላምንም።

ግንበኛው

ቆርቆሮ የሚል ከእኔ አልወጣም። የነካኸውም እብነ በረድ ነው፤ ጉልላቱን ግን አልነካህም። ሕንፃው ሦስት ዓይነት ነገር ነው። የመሀሉ አሮጌ ክፍል ከቨርጂኒያ፣ አኳያ ክሪክ ከሚባል ቦታ በፖቶማክ ወንዝ በጀልባ የመጣ የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ለመጥረብ ቀላል ነው፣ ዝናብና ውርጭ ግን ይበላዋል። ክንፎቹ የማሳቹሴትስ እብነ በረድ ናቸው፣ የክንፎቹ ዓምዶች የሜሪላንድ። ጉልላቱ ብረት። የአሸዋ ድንጋዩንና ብረቱን ነጭ የሚቀቧቸው እብነ በረዱን እንዲመስሉ ነው። አንተ የተቀመጥክበት የምሥራቁ ፊት ደግሞ እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ የአሸዋ ድንጋይ ነበር፤ ከ1958 እስከ 1962 ባለው ጊዜ ወደ 10 ሜትር ያህል ወደ ውጭ ገፍተው በእብነ በረድ ሠሩት። አሮጌው ግድግዳ አሁን በውስጥ በኩል ቀርቷል።

ምኒልክ ሠፈር

እንግዲያው ማግኔት ይዤ ሄጄ አረጋግጣለሁ።

ቀልደኛው

ማግኔት ይዘህ ካፒቶል ጉልላት ላይ ስትወጣ ማታ ዜና ላይ እናይሃለን። ለጠበቃው ከአሁኑ እናዋጣ?

ማኅደር

እኔ ስለ ሰዎቹ ልጻፍ፤ የሕንፃው ታሪክ ባብዛኛው የአርክቴክቶች ጠብ ነው።

ከተማዋን የቀየሰው ፈረንሳዊው ፒየር ላንፋን ኮረብታውን መርጦ ለዚህ ሕንፃ ለየው። ንድፉን ግን ሳይሠራ ከሥራው ተባረረ። ከዚያ ውድድር ወጣ፤ ሽልማቱ 500 ዶላርና ከተማው ውስጥ አንድ ቦታ። አሸናፊው ማን ሆነ? ዊሊያም ቶርንተን፣ በካሪቢያን ደሴቶች የተወለደ ሐኪም። አርክቴክቸር የሚባል ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም፣ ንድፉንም ያቀረበው የውድድሩ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን ወደደው፣ አለቀ። የመሠረት ድንጋዩን ራሱ ዋሽንግተን መስከረም 18 ቀን 1793 አኖረው። የሚገርመው ድንጋዩ ዛሬ የት እንዳለ አይታወቅም፤ ፈልገው አላገኙትም።

ሐኪሙ መሥራት ስለማያውቅ ሥራውን እንዲቆጣጠር በውድድሩ የተሸነፈውን ስቴፈን ሐሌትን ቀጠሩ። የተሸነፈ ሰው የአሸናፊውን ንድፍ እንዴት አድርጎ እንደሚያየው አስቡት። እየቀያየረ አስቸገረና ተባረረ። ቀጥሎ የመጣውም እንደዚሁ ሄደ። ኮንግረሱ በ1800 ሲገባ ያለቀው የሰሜኑ ክንፍ ብቻ ነበር።

ከ1803 ጀምሮ የያዘው ቤንጃሚን ላትሮብ ነው፣ እኔ ከሁሉም የማደንቀው እሱን ነው። በሴኔት በኩል ወደ ድሮው ጠቅላይ ፍርድ ቤት አዳራሽ ስትገቡ ያሉትን ዓምዶች ፈልጉ። ግሪኮቹ ዓምዳቸው ጫፍ ላይ ቅጠል ይቀርጻሉ፤ ላትሮብ ግን በቆሎ አስቀረጸበት። የዓምዱ አካል የታሰረ አገዳ ነው፣ ጫፉ ልጣጩ ገለጥ ገለጥ ያለ የበቆሎ እሸት፤ ፍሬው ተራ በተራ ይቆጠራል። ሌላ ቦታ ደግሞ በትምባሆ ቅጠል ሠርቷል። አገሩ የሚያበቅለውን ማለት ነው። በጉብኝቱ መስመር ላይ ካልሆነ አስጎብኚውን ጠይቂው ሰናይት።

በ1808 የዚያው አዳራሽ ቅስት ጣሪያ ተደርምሶ የላትሮብን የሥራ ተቆጣጣሪ ጆን ሌንታልን ገደለው፤ መደገፊያው ቀድሞ ሲነሳ ነው። በነሐሴ 1814 ደግሞ እንግሊዞች ከተማዋን ያዙና ሕንፃውን አቃጠሉት። ዕቃውን ከምረው ነው እሳት የለቀቁበት። ዝናብ ባይመጣ ከዚያም የባሰ ይሆን ነበር። የበቆሎ ዓምዶቹ ከዚያ ተርፈው ነው ዛሬ የምናያቸው። ላትሮብ ተመልሶ መጣና ያቃጠሉበትን እንደገና ሠራ፤ በ1817 ተጣልቶ ለቀቀና ቡልፊንች ተተካ።

እዚያው የፍርድ ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው ሳሙኤል ሞርስ በ1844 የመጀመሪያውን የቴሌግራፍ መልእክት ወደ ባልቲሞር የላከው። ቃሉ ከኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 23 የተወሰደ ነው፣ የበለዓም ታሪክ ካለበት።

ሙና ቨርጂኒያ

ማኅደር ጥሩ ጽፈሻል፤ የአርክቴክቶቹን ስም ደረደርሽ፣ ድንጋዩን የፈለጡትን ግን ዘለልሻቸው። ስማቸውን ስለማይጽፉላቸው ነዋ። ከአኳያ ክሪክ ድንጋይ ሲቆርጡ፣ ጡብ ሲተኩሱ፣ እንጨት ሲሰነጥቁ ከነበሩት ብዙዎቹ ባሪያዎች ነበሩ። መንግሥት ይከራያቸዋል፤ ለባለቤታቸው በወር 5 ዶላር ገደማ ይከፍላል፣ ለሠራተኛው ምንም። የክፍያው ደረሰኝ ዛሬም አለ። በ2012 ከራሱ ከአኳያ ክሪክ ድንጋይ የተሠራ መታሰቢያ ጎብኝዎቹ በሚሰበሰቡበት አዳራሽ ቆሞላቸዋል፤ አዳራሹም የነጻነት አዋጅ አዳራሽ ነው የሚባለው። ሰው በአጠገቡ ዝም ብሎ ያልፋል።

ስሙ የታወቀለት አንድ አለ፣ ፊሊፕ ሪድ። ጉልላቱ አናት ላይ ያለችውን የነሐስ ሴት ታውቋታላችሁ፣ ነጻነት የምትባለውን። ቁመቷ 6 ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ ክብደቷ ወደ 6,800 ኪሎ። ቀራፂው ቶማስ ክሮፎርድ ሮም ሆኖ በጄሶ ሠራትና ሥራው ዋሽንግተን ሳይደርስ ሞተ። ጄሶዋ በቁርጥራጭ ተጭና መጣች፣ አንድ ጣሊያናዊ ገጣጠማት፣ መጋጠሚያዎቹንም በልስን ደፈናቸው። ነሐስ ለማፍሰስ እንደገና መፈታታት ነበረባት። ጣሊያናዊው መጋጠሚያው የት እንዳለ የማውቀው እኔ ነኝ፣ ክፍያ ካልጨመራችሁኝ አልፈታም አለ።

የነሐስ ማፍሰሻው ባለቤት ክላርክ ሚልስ ነበር፤ ሪድ ደግሞ የእሱ ባሪያ ነበር። ሪድ ያደረገው እንዲህ ነው፦ በሐውልቷ ራስ ላይ ካለው የብረት ቀለበት ጋር ገመድና መዘውር አሰረና ቀስ እያለ ወደ ላይ ሳብ፣ ሳብ አደረገ። ሲወጠር የተደፈነው ልስን በመጋጠሚያው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አወጣ። መስመሩን ተከትለው ፈቷት፣ ጣሊያናዊው ደሞዝ ሳይጨመርለት ቀረ። ከዚያ በኋላ ነሐሱ ሲቀልጥ እሳቱን የሚጠብቀው ሪድ ነበር። የሳምንቱ ሥራ ክፍያ ለሚልስ ነው፤ ሰንበት ሰንበት ለሠራው ግን ለራሱ በቀን 1.25 ዶላር፣ ለ33 እሑዶች 41.25 ዶላር ተከፍሎታል።

ሚያዝያ 16 ቀን 1862 በዋሽንግተን ከተማ ባሪያዎች በሕግ ነጻ ወጡ። ባለቤቶች ካሳ ጠየቁ። ሚልስ ለሪድ 1,500 ዶላር ጠየቀ፣ የተሰጠው 350.40 ነው። የሐውልቷ ራስ በታኅሣሥ 2 ቀን 1863 ጉልላቱ ላይ ሲሰካ ሪድ ነጻ ሰው ነበር። ያ የመጀመሪያው ጄሶ ዛሬ በዚያው በነጻነት አዳራሽ ቆሟል፤ ነሐሷን ከሩቅ ከምታንጋጥጡ ጄሶዋን በቅርብ እዩአት።

አንዲት ነገር ልጨምር። ክሮፎርድ መጀመሪያ ራሷ ላይ ያደረገላት ቆብ በጥንት ሮም ከባርነት ነጻ የወጡ ሰዎች የሚያደርጉት ነበር። የግንባታው የበላይ የጦር ሚኒስትሩ ጄፈርሰን ዴቪስ አይሆንም አለ፤ በላባና በንስር ራስ ያጌጠ የራስ ቁር ተደረገላት። ዴቪስ በኋላ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ የተገነጠሉት የደቡቦቹ ፕሬዚዳንት።

የታክሲው ሰው

ሙናዬ እጅሽ ይባረክ። በዚያ መንገድ ስንት ዓመት ስመላለስ ያቺን ሴትዮ ሕንዳዊት ናት እያልኩ ነበር ለተሳፋሪ የማወራው፣ ያም ላባ ነው ነገሩ። ዛሬ ማታ የሚሳፈር ሰው ይህን ሳይሰማ አይወርድም።

ቀልደኛው

የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር በ1861 ወታደሮች እዚያ ሕንፃ ውስጥ ሰፍረው ምድር ቤቱ ውስጥ የዳቦ ምድጃ ተሠርቶ ነበር፤ ይህን ሳነብ ነው ካፒቶልን የወደድኩት። ላይ ሕግ ይወጣል፣ ታች ዳቦ ይወጣል።

ግንበኛው

ቀልደኛው ስታነሳው ትዝ አለኝ፦ በዚያው ጊዜ ግንባታው እንዲቆም ታዞ ነበር። ብረቱን የሚያመርተው ድርጅት ግን 1.3 ሚሊዮን ፓውንድ ብረት ግቢው ውስጥ ተከምሮ ነበርና ይበላሽብኛል ብሎ ያለ ክፍያ ሥራውን ቀጠለ። በኋላ መንግሥት ከፈለው። ሊንከን ጉልላቱ በጦርነት መሀል ሲሠራ ማየት ለሕዝቡ አንድነቱ እንደሚቀጥል ምልክት ነው ብሎ ነበር ይባላል፤ ቆንጆ ነው፣ ግን መጀመሪያ ክሬኑን ያላቆመው ነጋዴው ነው።

አዛውንቱ

ልጆቼ ጥሩ ይዛችኋል። እኔ የምጨምረው ከእኛ ጋር የሚያገናኘውን ነው።

ጃንሆይ በዚያ ሕንፃ፣ በተወካዮች ምክር ቤት አዳራሽ፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች በአንድነት በተቀመጡበት ንግግር አድርገዋል። ቀኑ በፈረንጅ ሜይ 28 ቀን 1954፣ በእኛ ግንቦት 20 ቀን 1946 ዓ.ም. ነው። አዎ ግንቦት 20፣ አትሳቁ፤ ያኔ ቀኑ ተራ ቀን ነበር። የቃኘው ሻለቆች ከአሜሪካኖቹ ጋር ኮሪያ ላይ ደማቸውን ካፈሰሱ ገና ቅርብ ጊዜ ነው።

አዳራሹ ያኔ ገና ታድሶ ማለቁ ነበር፤ ከ1949 እስከ 1951 ጣሪያውን አፍርሰው በአዲስ ብረት ሠርተውታል። ጃንሆይ ከመቆማቸው ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ በፈረንጅ ማርች 1 ቀን 1954፣ የፖርቶ ሪኮ ነጻነት ጠያቂዎች ከላይ ከተመልካች ሰገነት ተኩሰው አምስት የምክር ቤት አባላት አቁስለዋል። ከጥይቶቹ አንዷ የበሳችው የጠረጴዛ መሳቢያ ዛሬም ሳይቀየር አለ። ሰናይት ልጄ፣ የታክሲው ሰው እንዳለው ማለፊያውን አውጪና አባትሽን ሰገነቱ ላይ አስቀምጫቸው። ምክር ቤቱ ባይሰበሰብም አዳራሹን ማየት ይቻላል። በእሳቸው ዕድሜ ላለ ሰው ከጉልላቱ ይልቅ ያ ይበልጥበታል።

ሥዕል ቤት

አዛውንቱ እንደርስዎ አባባል አዳራሹ ይበልጥ ይሆናል፤ እኔ ግን ሰው ከመሀለኛው ክብ አዳራሽ ማለትም ከሮቱንዳ እንዳይነሳ እመክራለሁ። ወለሉ ከጫፍ ጫፍ 29 ሜትር ነው፣ ከወለሉ እስከ ጣሪያው ሥዕል 55 ሜትር። ሥዕሉን የሠራው ኮንስታንቲኖ ብሩሚዲ የተባለ ከሮም የመጣ ሠዓሊ ነው፣ በ1865። እርጥብ ልስን ላይ ነው የሣለው፤ ልስኑ ሳይደርቅ ካልጨረስክ ፍቀህ እንደገና ትለስናለህ። ዋሽንግተን ወደ ሰማይ ሲያርግ ነው የሚታየው፣ በግራና በቀኙ ሁለት ሴቶች፣ ዙሪያውን ደግሞ አማልክትና ማሽኖች ተቀላቅለው። አፍሮዳይት፣ ቬነስ የሚሏት፣ ባሕር ውስጥ ሆና የአትላንቲክን የቴሌግራፍ ሽቦ ይዛለች! ከሰዎቹ አንዳንዶቹ ቁመታቸው 4.5 ሜትር ይደርሳል፤ ከታች ሲታዩ ልክ የሰው ቁመት ናቸው። አንድን ገበሬ ቅዱስ አድርጎ ደመና ላይ ማስቀመጡ ግን እኔን አይመቸኝም፣ ይህን ሳልል አላልፍም።

ዝቅ ብሎ፣ ከወለሉ 18 ሜትር ገደማ ላይ፣ ዙሪያውን የሚዞር ከድንጋይ የተቀረጸ የሚመስል ረጅም የታሪክ ቅርጽ አለ። ቅርጽ አይደለም፣ ሥዕል ነው። በነጭና በግራጫ ብቻ ጥላ እየጣለ ያወጣው። ብሩሚዲ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖት እሱን ሲሠራ በ1879 ወንበሩ ተንሸራተተ፣ የመሰላሉን መወጣጫ ይዞ ተንጠልጥሎ ቆየ፣ ደርሰው አወረዱት። በጥቂት ወራት ውስጥ ሞተ። ሌላ ጣሊያናዊ ቀጠለው፣ ቦታው ግን ተርፎት ክፍት ቀረ። የሞላው ሦስተኛ ሰው ነው፣ በ1953። ሦስት እጅ መሆኑን ለመለየት ሞክሩ፣ እኔ ሁለተኛውን ነው የማልወደው፤ ጥላው ደረቅ ነው።

ቀልደኛው

ብረቱ ድንጋይ ይመስላል፣ ሥዕሉ ቅርጽ ይመስላል፣ ሐኪሙ አርክቴክት ይመስላል። የሚመስለውን የሆነ አንድ ነገር አለ እዚያ ሕንፃ ውስጥ?

ማኅደር

መቃብሩም አለ፣ ሰው የሌለበት። ከሮቱንዳው ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ ለጆርጅ ዋሽንግተን የተዘጋጀ መቃብር ነው። ቤተሰቦቹ አስከሬኑ ከማውንት ቨርነን አይነሳም ብለው በ1832 እምቢ አሉ፣ ባዶውን ቀረ። ከሱ በላይ 40 ዓምዶች ያሉት ምድር ቤት ውስጥ ወለሉ ላይ ድንጋይ ኮከብ አለ፤ የከተማዋ መንገዶች ሰሜን ምሥራቅ፣ ደቡብ ምዕራብ እየተባሉ የሚቆጠሩት ከዚያች ኮከብ ነው። የታክሲው ሰው ሊያውቃት ይገባል።

የሐውልቶቹን አዳራሽ ማንም ስላልጠቀሰው፦ የድሮው የተወካዮች አዳራሽ ነው። አንድ ቦታ ቆሞ የተንሾካሾከ ሰው ድምፅ ማዶ ይሰማል፣ አስጎብኚዎቹ ያሳዩአችኋል። ጆን ኩዊንሲ አዳምስ በዚህ ዘዴ ተቃዋሚዎቹን ይሰልል ነበር የሚለውን ግን አትመኑ፤ የዛሬው ጣሪያ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠራ ነው፣ በእሱ ጊዜ የነበረው ሌላ ነበር። አባላቱም ያን አዳራሽ የጠሉት ስለማይሰማ ነበር።

ያገር ልጅ ሚኒሶታ

ሁላችሁም ዋሽንግተን ዋሽንግተን ትላላችሁ። ድንጋይ ጉልላት ማየት የሚፈልግ አባት ካለ ወደኛ ይምጣ። ሴንት ፖል ያለው የሚኒሶታ ካፒቶል በ1905 ነው የተከፈተው፣ ጉልላቱ የእውነት እብነ በረድ ነው። አርክቴክቱ ካስ ጊልበርት፣ በኋላ የዋሽንግተኑን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕንፃ የነደፈው ሰው ነው። ድንጋዩን ከጆርጂያ ላምጣ ሲል ሕዝቡ ተቆጣ፤ የራሳችን ድንጋይ እያለ፣ ደግሞም ከተዋጋናቸው ከደቡቦቹ? ተባለ። በመጨረሻ ከታች ያለው በሚኒሶታ ግራናይት ይሁን፣ ከላይ ያለው ከጆርጂያ ይምጣ፣ ጠረባው እዚሁ በእኛ ሠራተኛ ይሠራ ተብሎ ታረቁ። የወርቅ ቅብ ፈረሶቹ አጠገብ ጣሪያ ላይ ያስወጡሃል፣ በነጻ። በክረምት ግን አትሞክሩት።

ምኒልክ ሠፈር

አያችሁ? እብነ በረድ ጉልላት አለ ስላችሁ።

ሰናይት ዘሲልቨር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ግንበኛው የጻፍከውን ለአባዬ አነበብኩለት፤ "ክንዱ ግድግዳው ውስጥ ምን ያህል ገብቷል?" አለኝ፣ መልሱን አንተ ፈልግለት። ጥያቄ ልጨምር፦ የምሥራቁ ፊት በእብነ በረድ ሲሠራ የድሮዎቹ ዓምዶች የት ገቡ? ጣሏቸው እንዴ?

ግንበኛው

አልጣሏቸውም። ብዙ ዓመት ተጋድመው ቆዩና በ1980ዎቹ ወደ ብሔራዊው የዕፅዋት ማዕከል ሄዱ፣ እዚያው ከተማው ውስጥ ሰሜን ምሥራቅ። 22 ናቸው፣ ምንም ሳይሸከሙ ሜዳ ላይ ቆመዋል። እዚያ ድንጋዩን ጠጋ ብሎ በእጅ መንካት ይቻላል፤ የመጥረቢያው ምልክት፣ ዝናብ የበላው ቅጠሉ፣ ሁሉም ይታያል። ለአባትሽ ከካፒቶሉ ቀጥሎ እዚያ ይሻላል፣ በመኪና ሂዱ፣ ማቆሚያ አለው። የክንዱን ጥልቀት ደግሞ ንድፉን አይቼ እጽፋለሁ።